ውሳኔው ሐዋሳ ይደርሳል፤ የሐዋሳስ ድምፅ የት ይደርሳል?

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ለኮንግረሱ አንድ ደብዳቤ ላኩ። ኢትዮጵያ፣ ማሊና ጊኒ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ከሚሰጠውና እኛ አጎዋ ከምንለው ሕግ ተጠቃሚነት እንደሚሰረዙ የሚያስታውቅ ነበር። ለኢትዮጵያ የተጠቀሰው ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመ ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው። የ60 ቀኑ ማስታወቂያ አለቀና ታኅሣሥ 23 ውሳኔው ጸና። ከዚያም በፊት፣ በኅዳር ወር፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር።

ጦርነቱ ይካሄድ የነበረው ከሐዋሳ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። ደብዳቤው የተፈረመው ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ መጥታ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ወጣት ጦርነቱን አላወጀችም፣ ደብዳቤውንም አልጻፈችም፤ ሥራዋን ያጣችው ግን እሷ ናት። ስለ ዓለም ዜግነትና ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር በተነገረ ቁጥር መጀመሪያ የምታሳስበኝ ይህች ልጅ ናት።

ሐዋሳ ደግሞ እንዲህ ያለ ንግግር የሚበዛባት ከተማ ናት። በሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች አዳራሽ ስለ ሰላም የማይሰበሰብበት ሳምንት የለም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ባነሩ ይሰቀላል፣ እንግዳው ንግግር ያደርጋል፣ የሻይ ዕረፍት ይሆናል፣ አበል ይከፈላል። በንግግሩ ውስጥ የማይቀሩት ሐሳቦችም ይታወቃሉ፦ ዓለም አንድ መንደር ሆናለች፣ ሁላችንም የአንዲት ምድር ልጆች ነን፣ መቻቻል ያስፈልጋል። ማንም አይቃወመውም። ማንንም ምንም የማያስገድድ ነገር ምን ተቃውሞ ይገጥመዋል?

ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ከዚህ የተሻለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቋቸው የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ 4.7 የተባለው ንዑስ ግብ አገሮች እስከ 2030 ድረስ ተማሪዎቻቸውን ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ፆታ እኩልነት፣ ስለ ሰላም ባህልና ስለ ዓለም ዜግነት እንዲያስተምሩ ይጠይቃል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ዓለም አቀፍ መግባባት ትምህርት ያወጣውን ምክረ ሐሳብ በ2023 መጨረሻ አድሶታል። ጥያቄዬ ይህ ሁሉ ወደ ሐዋሳ ሲወርድ ምን ይሆናል የሚል ነው። የዓለም ውሳኔ ወደዚህ የሚመጣበት መንገድ ሰፊና የተነጠፈ ነው። ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው ቃል ግን የእግር መንገድ እንኳ ያለው አይመስልም። ይህ መንገድ እስካልተሠራ ድረስ የዓለም ዜግነት የሚባለው ግዴታን እንጂ መብትን አያውቅም፤ የተጎዳው የማይናገርበት ትብብርም ሰላምን አያጸናም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይና የግንባታ ድርጅት ተሠርቶ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በደህናው ጊዜ 30 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረበት፤ አብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ጨርቁ በብዛት ከእስያ ይመጣል፣ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፣ እዚህ ይሰፋል፣ በዚያው ወደብ ወጥቶ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ርቀት አዋጭ ያደረገው የቀረጥ ልዩነት ነው። አሜሪካ ያለ ልዩ ዕድል በሚገባ የጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠራው ላይ ደግሞ 32 በመቶ መደበኛ ቀረጥ ትጥላለች። ትርፉ በሳንቲም በሚቆጠር ንግድ ውስጥ ይህ ቁጥር ፋብሪካ ይከፍታል፣ ፋብሪካም ይዘጋል።

እዚህ ላይ ያለፈውን ማስዋብ አያስፈልግም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነና ይህም ልብስ ለውጭ ገበያ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፈዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። እነዚያ ልጆች አንድ ክፍል ቤት ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ ከምሳ ቆጥበው ነው ለወላጅ የሚልኩት። ስለዚህ አጎዋ ገነት አልነበረም። ነገር ግን ያ ደመወዝ ለብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያው በስማቸው የወጣ ገንዘብ ነበር፤ ሲቀርባቸውም ምትክ አልተዘጋጀላቸውም።

ታዲያ ዓለም ዝም ማለት ነበረበት? ይህን የሚል ሰው የራሱን ታሪክ የረሳ ነው። በዓለም ዝምታ የተጎዳ አገር ቢቆጠር ኢትዮጵያ ከፊት ትሰለፋለች። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረራውን ስትከፍት የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ግን የታንክና የአውሮፕላን ሕይወት የሆነው ነዳጅ አልነበረበትም። የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቆየ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት ካሉ በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡን ለማንሳት የፈጀበት ጊዜ ከሦስት ሳምንት ያነሰ ነው። ወራሪውን የሚያቆመው ነገር ተትቶ የማያቆመው ተከለከለ፤ እሱም ቶሎ ተነሳ።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በ1928 የማዕቀቡ ክብደት ጦሩን ከሚያንቀሳቅሰው ነገር ላይ እንዳያርፍ ተደረገ። በ2014 ደግሞ ከጦርነቱ ጋር አንዳች የማይገናኝ ትከሻ ላይ አረፈ። የማዕቀብ ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ይጣል አይጣል በሚለው ላይ ነው። ማን ላይ ያርፋል የሚለው ጥያቄ ግን ከጉዳዩ ዳር የሚቀመጥ አይደለም፤ ጉዳዩ ራሱ ነው። መሪዎችን ሐሳብ ያስቀይራል ተብሎ በድሃ ላይ የሚጣል ጫና በመሪዎቹ ዘንድ ብዙም ሲሰማ አይታይም። ድሃው ግን ስለ ዓለም ሕግ የሚኖረውን አስተያየት ለዘለቄታው ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ሰብአዊ መብት የሚነግረው ሰው ሲመጣ በጥርጣሬ ቢያየው ምን ይገርማል?

ሌላ አማራጭ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። አጎዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታደስ ለፕሬዚዳንቱ አንድን አገር ሙሉ በሙሉ ከመሰረዝ ይልቅ ዕድሉን በከፊል የማገድ ወይም የመገደብ ሥልጣን ተጨምሮበታል። ሥልጣኑም ሥራ ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሩዋንዳ በአሮጌ ልብስ ቀረጥ ምክንያት ከአሜሪካ ጋር ስትጋጭ የታገደው የልብስ ዘርፏ ብቻ ነው፤ የቀረው ምርቷ በነበረበት ቀጠለ። ለኢትዮጵያ ግን ተቃራኒው ተመረጠ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ጦርነቱን የሚያስቆመው ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ደብዳቤው በተላከ በዓመቱ ነው፤ ቀኑም እንደ አጋጣሚ ያው ጥቅምት 23 ነበር። ከስምምነቱም በኋላ የተዘጋው በር ወዲያው አልተከፈተም። መዝጊያውን ሁለት ወር ያደረገ ሕግ መክፈቻውን የጊዜ ገደብ አልሰጠውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዓለም አቀፍ ትብብር ከንቱ ነው ወደሚለው መደምደሚያ የሚሄድ አንባቢ እንዳለ እገምታለሁ። በዚህ ዘመን ሐሳቡ ገበያ አለው። ታሪኩ ግን አይደግፈውም።

ፈንጣጣን እንውሰድ። በኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ያ ዘመን ሞስኮና ዋሽንግተን በየአቅጣጫው የሚፋለሙበት የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበር። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ለመራው ዘመቻ ሶቪየት ኅብረት ክትባት በገፍ ሰጠች፤ አሜሪካም ገንዘብና ባለሙያ አዋጣች። መሐሉ ላይ እዚህ አብዮት ፈነዳ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ገጠሩ ታወከ፤ ክትባት ይዘው የሚዞሩ ሠራተኞች የታገቱበትም ጊዜ ነበር። ዘመቻው ግን አልቆመም። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመዘገበ። በጥቅምት 1977፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ጦርነት ላይ በነበሩበት ወቅት፣ የዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ታማሚ ሶማሊያ ውስጥ መርካ ላይ ተገኘ። በ1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። የአያቶቻችንን ፊት ያነቀዘውን በሽታ የዛሬ የሐዋሳ ልጅ በስሙ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እነዚያ ሰዎች የተሳካላቸው ይዋደዱ ስለነበር አይደለም። ግቡ ጠባብና የሚቆጠር ነበር፤ እያንዳንዱ ታማሚ ይፈለግ፣ በዙሪያው ያለው ሰው ይከተብ። ማረጋገጫ ነበረው፤ የውጭ መርማሪ መጥቶ ሳያይ ጠፍቷል የሚል አገር አይታመንም ነበር። ከሁሉም በላይ ሥራውን በየቀበሌው በእግራቸው ዞረው የሠሩት አብዛኞቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከላይ ለተወሰነው ነገር ከታች ዓይንና እግር ነበረው፤ ከታች የታየውም ወደ ላይ ይመለስና ዕቅዱን ይለውጥ ነበር። አጎዋ ላይ የጠፋው ይህ መመለሻ ነው።

ቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለ። ሩሲያና ዩክሬን እየተዋጉ ሳለ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አደራዳሪነት ኢስታንቡል ላይ ስለ እህል መርከቦች ተስማሙ። በነሐሴ አጋማሽ ከዩክሬን ወደብ የተነሳችው ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ጭና በወሩ መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች። ስንዴው ለኢትዮጵያ ነበር። ሰላም አልወረደም፣ ጦርነቱም አልበረደም፤ ስምምነቱ ራሱ በዓመቱ ሩሲያ ስትወጣ ፈረሰ። ቢሆንም የሚጠላሉ ሁለት ወገኖች መርከብ በሚፈተሽበት ሥርዓት ላይ ተስማምተው ረሃብተኛ እህል አግኝቷል። ትብብር ፍቅርን የግድ አይፈልግም የምለው ለዚህ ነው። የአዳራሹ ንግግር ከፍቅር ይጀምርና እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ ልመለስ፤ ለሌላው የምንጠይቀውን እኛስ እናደርገዋለን ወይ የሚለው መጠየቅ አለበትና።

ሐዋሳ ዙሪያዋን ያለው የሲዳማ ሕዝብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ክርክርን የሚዳኝበት ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች በሸንጎአቸው፣ በሶንጎ፣ ይቀመጣሉ፤ ነገሩ በአፊኒ፣ ‘ሰማችሁ ወይ’ በሚለው ጥያቄ፣ ይከፈታል። ሁሉም መስማቱና መረዳቱ ሳይረጋገጥ፣ ባለጉዳዩም ሳይናገር ወደ ፍርድ አይኬድም። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጨምበላላም የተጣላ የሚታረቅበት ወቅት ነው። ሴቶች በበኩላቸው ያካ የተባለ ማኅበር አላቸው፤ አንዷ ስትበደል ተሰብስበው የሚጠይቁበት። ከመወሰን በፊት መስማት የሚለው መርህ ለጄኔቫ ወይም ለኒውዮርክ ባዕድ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ አገር ግን ባዕድ አይደለም።

ያም ሆኖ በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ ሐዋሳ ውስጥ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሳ። ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ሐምሌ 2011 ላይ ደግሞ የክልልነት ጥያቄው ሲዘገይ በከተማዋና በዙሪያዋ ሌላ ደም ፈሰሰ። ኅዳር 10 ቀን 2012 የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ጥያቄውን በድምፅ መፍታቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የተመዘገበው መራጭ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ሲዳማም በ2012 ሰኔ ክልል ሆነች። በጉልበት የተጀመረ ነገር በኮሮጆ መጠናቀቁን ያዩ ከተሞች ብዙ አይደሉም።

ስለ 2010ሩ ግጭት ብዙ ተብሏል፤ የፖለቲካው እጅም ተነስቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሥርዓቱ ወሰን ነው። ሶንጎ የቆመው እርስ በርሱ በሚተዋወቅ፣ በዘር ሐረግ በተሳሰረ ማኅበረሰብ ላይ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ከሶዶም፣ ከአርባ ምንጭም፣ ከሻሸመኔም፣ ከጎንደርም የመጣ ሰው ተከራይቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። የተከራየው ሰው ነገሩ ሲፈላ የሚናገርበት መቀመጫ አልነበረውም። ዕርቁ የሚመጣው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ከዋሽንግተን የምንጠብቀው፣ ሳትሰማ አትወስንብን የምንለው፣ እኛም ለጎረቤታችን ያላጠናቀቅነው ዕዳ ነው። በእኔ ግምት የዓለም ዜግነት ፈተና ኖርዌይ ላለ ሰው ማዘን አይደለም፤ ማዘኑ ርካሽ ነው። ፈተናው በአንድ ግቢ ውስጥ ውኃ የሚቀዳውንና ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ተከራይ በጉዳዩ ላይ እንዲናገር ማስቀመጥ ነው። ያን የሚያውቅ ከተማ ስለ ፀጥታው ምክር ቤት ሲናገር ይደመጣል።

ስለ ምክር ቤቱ ካነሳን አፍሪካ ቋሚ መቀመጫ የላትም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 የኤዙልዊኒ ስምምነት ሁለት ቋሚ መቀመጫዎች ከነሙሉ መብታቸው ጠይቋል። አሜሪካ በመስከረም 2024 ሁለቱን መቀመጫዎች እደግፋለሁ ስትል ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቱን ግን አስቀርታ ነው። በታኅሣሥ 2023 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 2719 ደግሞ ኅብረቱ ለሚመራው የሰላም ማስከበር ሥራ ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ እስከ 75 በመቶ ሊሸፈን እንደሚችል ይፈቅዳል። መፍቀድና መክፈል ግን አንድ አይደሉም። ከኮሪያና ከኮንጎ ጀምሮ እስከ ዳርፉርና አብዬ ወታደር የላከች፣ በአንድ ወቅትም በሰላም አስከባሪ ብዛት ከዓለም አንደኛ የነበረች አገር ዜጋ ይህን ክርክር ከዳር ሆኖ የሚያይበት ምክንያት የለውም። የሄዱት ልጆች የዚሁ ሰፈር ልጆች ናቸው።

እነዚህ የበላይ መድረኮች ለሐዋሳ ሩቅ ናቸው። የቀረቡም አሉ፤ ጥቂት ሰው ስለሚያውቃቸው ብቻ የተዘጉ ይመስላሉ። የአሜሪካ የንግድ ተወካይ ቢሮ በአጎዋ ላይ በሚያደርገው ዓመታዊ ግምገማ የሕዝብ አስተያየት በጽሑፍ ይጠይቅ ነበር፤ የአደባባይ መስሚያ መድረክም ያዘጋጅ ነበር። አስተያየት ለመስጠት አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት እያንዳንዱን አገር በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ ይገመግማል፤ የኢትዮጵያ ተራ እ.ኤ.አ. በ2024 ኅዳር ነበር፣ ሲቪል ማኅበራትም አስቀድመው ሪፖርት ማስገባት ይችላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ አባል በሆነችበት በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ውስጥ ደግሞ የሠራተኛ ተወካይ ከመንግሥትና ከአሠሪ እኩል ይቀመጣል። እነዚህን በሮች በብዛት የሚያንኳኩት የሕግ ባለሙያ መቅጠር የሚችሉ አስመጪዎች፣ ትልልቅ ማኅበራትና መንግሥታት ናቸው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። እኔ መምህር ብሆን ለአንድ ወሰነ ትምህርት መጽሐፉን ወደ ጎን አደርገውና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሸሚዝ ይዤ እገባ ነበር። ጨርቁ ከየት መጣ፣ ማን ሰፋው፣ በስንት ብር፣ የማን ሕግ አስገባው፣ የማን ፊርማ አስቆመው፣ አሁን ያ ሕግ ምን ላይ ነው? መልሱን ለማግኘት ፓርኩ አጠገብ ካሉት የኪራይ ቤቶች ሄደው የሠሩትን ሴቶች መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ የትኛውም የስብሰባ አዳራሽ ከሚሰጠው የበለጠ ያገኛሉ። በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የሰሙትን ከእንግሊዝኛ መምህራቸው ጋር ሆነው ወደ ሁለት ገጽ ያወርዱታል። የሴቶቹን ስም አይጽፉም፤ የሆነባቸውን ግን ይጽፋሉ፦ የቤት ኪራዩን፣ ሥራው ከቆመ በኋላ የት እንደሄዱ፣ ዕግዱ በከፊል ቢሆን ምን ይተርፍ እንደነበር። ከዚያ አስተያየቱ የሚገባበትን ቀን የሚከታተል ሰው ከመካከላቸው ይመርጣሉ፣ በኢንተርኔትም ለንግድ ተወካዩ ቢሮ ይልኩታል።